ሁለተኛው ድስት

ሐረር ላይ ድግስ የደገሰ ሰው ሁለት ድስት ይጥዳል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለእስላም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን ሙክት እስላም ጠርቶ ያሳርዳል፤ እስላም ከሆነም ለክርስቲያን እንግዶቹ ክርስቲያን ጠርቶ ያሳርዳል። ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ ሳህኑም ለየብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ሥጋ አይበላም፤ የበላ ሰው ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል። ሁለተኛውን ድስት የረሳ ደጋሽ ደግሞ ድግሱ ፈርሶበት የሰፈር መተረቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሐረር ተወልዶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም ስለሚያውቀውም ልጻፈው ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መጻፍ የተማሪ ሥራ ነው።

ተናኘወርቅ አባይነህና ሙሳ ዓሊዪ ጻፉት። ሁለቱም አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብተው ስለ ኅብረተሰብ ኑሮ የሚያጠኑ ተማሪዎች ናቸው። እሷ አያቶቿ ከሸዋ ዘምተው ሐረር የቀሩት የግራዝማች አባይነህ ልጅ ናት፤ እሱ ከሐረር ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ መንደር ጫት ገበሬ የዓሊዪ ልጅ ነው። በ1963 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት አገልግሎት እንዲያስተምሩ ሐረር ተመደቡና፣ ኮሌጅ ሳሉ የጀመሩትን ጥናት ቤት ለቤት እየዞሩ ጨረሱት። መምህራቸው ወደደውና ለተማሪዎቹ መጽሔት አሳለፈው። መጽሔቱ በዚያው ዓመት የአማርኛ ክፍል ከፍቶ ነበር። እስከዚያ ድረስ የተማሪ ጥናት ማለት መምህሩ አርሞት፣ ነጥብ ሰጥቶት መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ወረቀት ነበርና፣ መታተሙ ለሁለቱም የሠርግ ያህል ነበር። የእውነተኛውን ሠርግ ነገር ግን አንዳቸውም አንስተውት አያውቁም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ተናኘወርቅ ጠመኔ የነካው እጇን ሳትታጠብ ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ፈረስ መጋላ አቀናች። ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ውላ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ እግሯም ዝሏል። ድካሙ ግን የማስተማር ብቻ አልነበረም። ሰውን ደብቆ መውደድ ራሱ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የለው፣ በዓል የለው። በየመንገዱ ፊትን መጠበቅ፣ ድምፅን መጠበቅ፣ ዓይንን መጠበቅ አለ። ከመስከረም ጀምሮ ስትጠብቅ ከርማ አሁን አሁን ዓይኗ ራሱ እየደከመ መጥቷል።

ሙሳ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። እንደወትሯቸው የተማሪዎች ደብተር በመሃላቸው ከመሩ፤ ያየ ሰው ሁለት መምህራን ፈተና ሲያርሙ ነው የሚመስለው።

«መጣ» አላት፤ ሌላ ሰላምታ አልሰጣትም።

ከደብተሮቹ ሥር ከማተሚያ ቤት ለእርማት የተላከውን ቅጂ አወጣና ወደሷ ገፋው። ቀለሙ ገና እጅ ያጠቁራል። ከርእሱ ሥር ስማቸው በአንድ መስመር ላይ ተጽፏል፤ ተናኘወርቅ አባይነህ እና ሙሳ ዓሊዪ። በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሄደው አያውቁም፤ ሁልጊዜ እሷ ትቀድማለች፣ እሱ ሰው መሃል ገብቶ ይከተላል። ወረቀቱ ላይ ግን በሁለቱ መሃል «እና» ብቻ ነበረች። ተናኘወርቅ መስመሩን ደጋግማ አየችው። ዓይኗ እንባ ሊያቀርር ሲል ገጹን ገለጠችው።

ማንበቧን ቀጠለች። የአባቷ ድግስ አለ። የጎረቤታቸው የሐሰን በግ አስተራረድ አለ። ስለ ሶፊ የተጻፈው ጋ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ገጹን ወደፊት ገለጠች፣ ወደኋላ መለሰች።

«ዓረፋው የታለ?»

«ወጥቷል።»

«ማን አወጣው?»

ሙሳ የሻይ ብርጭቆውን ቂጡን ይዞ አዞረው። «እኔ። ለዘውዴ ጽፌለት ነው ያወጣው።» ዘውዴ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣ ከነሱ አንድ ክፍል ከፍ ያለ ተማሪ ነው።

የወጣው አንቀጽ አጭር ነበር። ተናኘወርቅ ሶፊ ስትሄድ የሙሳ እናት ኸዲጃ ዶሮ አስይዛ የሶፊን ትምህርት ቤት ዘበኛ አበበን ታስጠራለች፤ አበበ ክርስቲያን ነውና በስመ አብ ብሎ ያርድላታል፤ ድስቷም ለብቻው ይጣዳል። በጥር በዋለው የዓረፋ ዕለት ግን አበበ ለቅሶ ደርሶበት ቀረ። ያን ቀን ተናኘወርቅ ከቤተሰቡ ሳህን በላች። በጥናቱ ላይም «ለክርስቲያን እንግዳ የሚያርድ ባለመገኘቱ፣ ከአጥኚዎቹ አንዷ ለቤተሰቡ ከቀረበው ሥጋ በልታለች» ብላ በገዛ እጇ ጻፈችው።

«ጥናቱ ስለ ጎረቤቶች እንጂ ስለኛ አይደለም» አለ ሙሳ።

«አጥኚ ያየውን ጽፎ ያደረገውን አይደብቅም ያለን መምህራችን አይደለም? አንተ አይደለህም ወይ ያን ቀን ደብተርህ ላይ አስምረህ የጻፍከው?»

«በእንግሊዝኛ ቢሆን አንድ ነገር ነው። አሁን የሚወጣው በአማርኛ ነው፣ ተናኜ። አባትሽ ያነቡታል። የሚጠጡበት ማኅበር በሙሉ ያነበዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰማሽም? ነገ ተሳስቼ ነው ብትዪ ማን ይሰማሻል?»

«ተሳስቼ ነው ያለህ ማን ነው?»

ሙሳ ቀና ብሎ አያት። ሊጠይቃት የፈለገው ነገር ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«የበላሁት አንተ ቤት ነው» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከወረቀቱ ስታወጣው እኔንም ከቤትህ ያወጣኸኝ መሰለኝ።»

«ወላሂ የማይሆን ነገር አትናገሪ። እናቴ...» አለና ብርጭቆውን አነሳ።

«እናትህ ምን?»

«ምንም። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ፖስታ ቤት መግባት አለበት፤ ዘውዴ ከዚያ በኋላ አልጠብቅም ብሏል። አንብቢና ፈርሚበት።»

የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። እሷ ደብተሮቹን ሰብስባ፣ የእርማቱን ቅጂ በመሃላቸው ከታ ቀረች። አፈረብኝ፣ አለች በልቧ። ሰው ፊት አብሮኝ መሄድ ሲያፍር ዝም አልኩ፤ አሁን ደግሞ ከቤቱ መብላቴም አሳፈረው። ማዘን እንኳ አቅም ይፈልጋል፤ ተናኘወርቅ ያን ዕለት አቅሙም አልነበራት፣ ሻይዋ ፊቷ ቀዝቅዞ ብዙ ተቀመጠች።

ቤቷ ስትደርስ አባቷ ግራዝማች አባይነህ በረንዳው ላይ መነጽራቸውን አድርገው ሲጠብቋት አገኘች። እናቷ ወይዘሮ ገላነሽ አጠገባቸው ጥጥ ይዘው ተቀምጠዋል። ጽሑፉ ለእርማት መምጣቱን ፖስታ ቤት ያለ ወዳጃቸው ነግሯቸው ኖሯል። ሐረር ውስጥ ፖስታ ከባለቤቱ በፊት ለጎረቤት ይደርሳል።

«እስቲ አምጪው» አሏት።

«ገና አልታረመም አባባ።»

«ስሕተቱን እኔ አልፈልግም። እኔን ያነሳሽበትን ብቻ አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። ግራዝማች እሷ ክርስትና ስትነሳ የደገሱት ድግስ ነበር፤ ሐሰን ከንጋት ጀምሮ ቢላዋውን ስሎ መጥቶ፣ በጉን አርዶ፣ ድስቱን ራሱ ሲጠብቅ መዋሉ። ግራዝማች እየሰሙ ፈገግ አሉ።

«እውነት ነው። ያን ቀን እንዲያውም ሐሰን ትኩሳት ነበረበት። ዛሬስ ይቅርብህ ብለው፣ ‹የርስዎ ሰዎች ጠግበው የኔ ሰዎች ጦማቸውን ሊወጡ ነው ወይ› ብሎ ተቆጣኝ።» መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ወለወሉት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። እኛና እነሱ በሰላም የኖርነው እያንዳንዱ የት መቆም እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው ልጄ። ይህን ጽፈሻል?»

«ጽፈናል» አለች ተናኘወርቅ።

«‹ጽፈናል› አልሽ። ያ የሶፊው ልጅ ጨዋ ልጅ ነው። ሲመጣ ቆሞ ነው የሚያናግረኝ።» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ገላነሽ፣ ሲታተም ለማኅበራችን አስመጥቼ ራሴ ነው የማነብላቸው። ሴት ልጅ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ለነበሩት።»

ወይዘሮ ገላነሽ የልጃቸውን ፊት ነበር የሚያዩት። እናት ደግሞ የምታየውን ፊደል ሳይኖረው ታነበዋለች። ተናኘወርቅ ራስ ምታት ይዞኛል ብላ ገባች። አባቷ ደስ ብሏቸው ሲስቁ ከበረንዳው ይሰማት ነበር፤ ከማንኛውም ቁጣ ይልቅ ያ ሳቅ አንጀቷን በላው።

እውነቱን ለመናገር፣ ፈርማ ብትልከው ሁሉም ነገር ባለበት ይቀር ነበር። አባቷ ይኮራሉ፣ ማኅበሩ ያጨበጭባል፣ ጥናቱ ይታተማል። ያ አንቀጽ ባይኖርም ማንም የጎደለ ነገር አያይም። እሷ ግን ታያለች። ያ ቀን በሕይወቷ ውስጥ ራሷ መርጣ ያደረገችው አንድ ነገር ነበር፤ የወደደችው ሰው ደግሞ እንዳልነበረ አድርጎ አስወጣው። ለምን እንዳስወጣው ሳታውቅ እጇ አልፈርምም አላት።

ዓርብ ትምህርት ቤቱ ለጁምዓ ቀደም ብሎ ሲለቀቅ ወደ ሶፊ ሄደች። ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ የቀረውን የጫት መኪና አሳፍሯት ደረሰች። ኸዲጃ ከቤቷ ደጅ ተቀምጣ ለገበያ የተቆረጠውን ጫት በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ነበር። ተናኘወርቅን ስታይ እንደ ወትሮዋ ዘላ አልተነሳችም። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«እማ ኸዲጃ፣ ደኅና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ብቻሽን መጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሙሳ የዓረፋውን ነገር ከጽሑፋችን አስወጣው። ለምን እንደሆነ አይነግረኝም። እርስዎን ሊጠራ ብሎ አፉን ያዘ። አስቀይሜዎት ይሆን?»

የኸዲጃ እጅ ቅጠሉ ላይ ቆመ። አማርኛዋ ከተማ ወተት ስታመላልስ የተማረችው ነው፤ ለትልቅም ለትንሽም አንቺና አንተ እያለች ነው የምትናገረው።

«እሱን ተዪው፤ እኔ ነኝ ያስወጣሁት» አለች። «ምን ጻፋችሁ፣ አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ። ያቺ ነገር ስትደርስ ልቤ ቆመ።»

«ለምን እማ ኸዲጃ?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለች፤ ዓይኗ ሞላ። «አንቺ ሳታውቂ ነው የበላሽው። አበበ የመጣ መስሎሽ፣ የአንቺ ድስት መስሎሽ እጅሽን ሰደድሽ። እኔ አየሁ። ተዪ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ልጄ የሚወዳት ልጅ ከሳህኔ በላች ብዬ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ሐራም ነው። ለእናትሽ ስንት ዘመን ወተት አቀበልኩ፤ አንድ ቀን ውኃ ጨምሬበት አላውቅም። ልጇን ግን ሰረቅኋት። ከዚያ ወዲህ ወተቱን እናትሽ በር ድረስ በልጆች እልካለሁ፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።»

ተናኘወርቅ የቤታቸውን ነገር አስታወሰች። እናቷ «ኸዲጃ ምን ሆና ነው የቀረችው» እያሉ ደጋግመው ሲጠይቁ ከርመዋል። እሷ ደግሞ ደክሟት ይሆናል እያለች ስትመልስ ነበር። አንዲት ሴት ያልሠራችውን ኃጢአት ተሸክማ ከጥር እስከ ግንቦት ከርማለች፤ እዚያው አጠገቧ የነበሩት ሁለት አጥኚዎች ደግሞ ስለ ጉርብትና እየጻፉ አላዩዋትም።

«እማ ኸዲጃ፣ አውቄ ነው የበላሁት።»

ኸዲጃ አልገባትም።

«አበበን መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። ለቅሶ ሊሄድ መሆኑን እሱ ራሱ ነገረኝ። ስገባም የኔ ድስት እሳት ላይ አልነበረም። እርስዎ ለእንግዳዬ የማቀርበው የለኝም ብለው አፍረው ጥግ ቆመው ነበር። ሌላው ሁሉ አንድ ሳህን ከቦ ተቀምጧል። እኔ...» ትንፋሿን ሰበሰበች። «በየቤቱ ለብቻዬ ሲቀርብልኝ ኖሬያለሁ። እርስዎም የሚችሉትን ሁሉ አክብረውኛል። ግን እንግድነት ደክሞኝ ነበር። ያን ቀን እንግዳ መሆን አልፈለግሁም። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ከኋላቸው የእግር ድምፅ ሰሙ። ሙሳ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ የአጥሩ መግቢያ ላይ ቆሟል። ምን ያህል እንደሰማ ፊቱ ይናገር ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ በፊት ቢያዩ ሰው ያየናል ብለው ቶሎ የሚመልሱት ዓይን ነበር፤ አሁን አንዳቸውም አልመለሱም።

«እውነት አውቀሽ ነው?» አላት።

«አንቀጹ ላይ አልጻፍኩትም። ታውቃለህ ብዬ።»

«አላውቅም ነበር።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም? ከጥር ጀምሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንሠራ?»

«አላወቅሁም ነበር፣ ተሳስቼ ነው ብትዪኝስ ብዬ» አለ። «እንደዚያ ብለሽኝ ከምሰማ፣ ሳላውቅ መኖር ይሻለኝ ነበር። ስትጽፊው ደግሞ ጥናት ነውና የግድ ጻፈችው፣ ልቧ ግን ተጸጽቷል አልኩ። ከዚያ እናቴ አለቀሰች። አወጣሁት።»

«እኔ ደግሞ አፈረብኝ ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።»

«ባንቺ?» አለ ሙሳ።

ኸዲጃ አልሳቀችም፣ እልልም አላለች። ሻሿን ፈትታ ፊቷን ጠረገችና የተናኘወርቅን እጅ ያዘች። «አውቀሽ ከሆነ የበላሽው፣ የኔ ሸክም ወረደ፤ ያንቺ ተነሳ» አለቻት። «ለወረቀቱ ከመንገርሽ በፊት ለእናትሽ ንገሪ። እናት ልጇን ከወረቀት አትሰማም። እስከዚያ ድረስ ከዚህ ቤት ምንም አልሰጥሽም፣ ውኃም ቢሆን።»

ተናኘወርቅ ውኃ ጠምቷት እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያስታወሰችው። ሙሳ እስከ መኪናው መንገድ ሸኛት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ሄደ። ደስታዋ ከድካሟ ጋር ተቀላቅሎባት የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ግራዝማች ግቢው ውስጥ ከብርቱካኖቹ ሥር አፈር ሲኮተኩቱ፣ ወይዘሮ ገላነሽም አጠገባቸው ቆመው ሳለ ነገረቻቸው። ቆማ ነው የነገረቻቸው። የዓረፋውን ቀን፣ አበበን፣ ሳህኑን፣ አውቃ መብላቷን፣ ሙሳን እንደምትወደው። ማለት ያለባትን ሁሉ አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወደ ኋላ የሚባል ነገር አልቀራትም።

ወይዘሮ ገላነሽ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ኸዲጃ የቀረችው ለዚህ ነው?» ብቻ ነው ያሉት።

ግራዝማች መኮትኮቻውን ሥሩ ላይ ሰኩት።

«ሃይማኖትሽን ለውጠሻል?»

«አልለወጥኩም አባባ።»

«የነፍስ አባትሽ ያውቃሉ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ንስሐ ሰጥተውኛል።»

«ታዲያ ከእግዚአብሔር ጋር ከጨረስሽ ማተሙን ምን አመጣው? ሆድ ይፍጀው ማለት አይቻልም ነበር?»

«የሰውን ቤት ሁሉ ገብተን ጽፈናል አባባ። የርስዎንም ድግስ፣ የሐሰንንም፣ የኸዲጃንም። የራሴ ሲደርስ ብደብቀው የሌላው ሁሉ ሐሜት ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ደብቄ መኖር ደክሞኛል።»

ግራዝማች ቀና አሉ። ረቡዕ ማታ የሳቁት ሰውዬ አልነበሩም፤ በአንድ ጠዋት ሸምግለዋል። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ የነበረው ቁጣ አልመጣም። ምነው በመጣ አለች በኋላ።

«ጽሑፉን አልከለክልሽም» አሉ ቀስ ብለው። «አስተምሬሻለሁ፤ ያስተማርኩትን እጅ መልሼ አላስርም። ቤቱም ቤትሽ ነው፤ ግቢ፣ ውጪ። ማኅበርተኞቼ ግን ያነቡታል። እኔ ነኝ አነብላችኋለሁ ብዬ የለፈፍኩት። ‹የማን ልጅ ናት› ሲሉ ወረቀቱ እንዲመልስላቸው አልፈልግም። ስሜን ከስምሽ ኋላ አውጪልኝ።»

«አባባ...»

«ሌላ አልለምንሽም» አሉና ወደ አፈሩ ጎንበስ አሉ። መኮትኮቻው ሥሩን ሳተው።

እናቷ ተነስተው ነጠላቸውን ለበሱ። «ወዴት ነው?» አሏቸው ግራዝማች። «ሶፊ» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ። «ያቺ ሴት ባልሠራችው ነገር ስትቃጠል ከርማለች። ሌላው ሌላ ነው።» ልጃቸውን ሳያዩ አጠገቧ አልፈው ወጡ። ተናኘወርቅ ግቢው መሃል ቆማ ቀረች። ስሟን በልቧ አንድ ጊዜ ጠራችው፣ ብቻውን፤ የሚያውቀው ሰው የሌለው ስም መሰላት።

ቀትር ሊሆን ሲል ፖስታ ቤቱ ደጅ ደረሰች። የቅዳሜ ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል። ሙሳ ፖስታና ቴምብር ገዝቶ ደረጃው ላይ ይጠብቃታል። የእርማቱን ቅጂ ሰጠችው።

የዓረፋው አንቀጽ በኅዳጉ ላይ በእጅ ጽሑፏ ተመልሷል። «ከአጥኚዎቹ አንዷ» ይላል፣ «አውቃና መርጣ ለቤተሰቡ ከቀረበው ሥጋ በልታለች።» ሙሳ አነበበው። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ለማየት ወረቀቱን መለሰ። «አባይነህ» የሚለው ቃል ላይ መስመር ተሰምሯል። መስመሩ ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ መሃሉ ላይ ተሰብሯል።

«እሳቸው ናቸው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ተቆጡ?»

«ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለመኑኝ።»

ሙሳ ቅጂውን ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግፎ እስክሪብቶውን አወጣ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያወቀችው ጫፉ «ዓሊዪ» የሚለው ላይ ሲያርፍ ነው። አባቱ ዓሊዪ እሱን ለማስተማር የሚቃም ጫት ሳይተርፋቸው ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ስሙ በወረቀት ሊወጣ ነው ሲባል ሰምተው፣ ማንበብ ባይችሉም አንድ ቅጂ እንዲያመጣላቸው ጠይቀዋል።

እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለችው።

«ብቻሽን አትቆሚም። ወይ ሁለታችንም፣ ወይ...»

«ተወው ሙሳ። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ አባት ይኑረን።»

እስክሪብቶው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ተናኘወርቅ ወረቀቶቹን ከግድግዳው ወስዳ አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተች፤ ምላሷ ደርቆ ስለነበር ማጣበቂያውን እሱ ነው ያረጠበላት። ለፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሰጡት። ጸሐፊው የግራዝማች ወዳጅ ነበር፤ ፖስታውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሙሳን አየ፣ ማኅተሙን መታ።

ወደ ውጭ ሲወጡ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። እንደ ልማዷ ልትቀድመው ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። «ደክሞኛል» አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረችው። ሙሳ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፣ ክንዷንም ያዘ። ከሱቆቹ ደጅ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ዞረው አዩዋቸው። እሷ ግን ክንዷን አልሳበችም፤ አለቀሰች፣ እንባዋንም አልደበቀችም።